ድንገተኛ ክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፉልን

ይድረስ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ለምትሠሩ የሆስፒታል ኃላፊዎች፣ የፍትሕ ጽሕፈት ቤቶችና የትራፊክ ፖሊስ አባላት
ግልባጭ፦ ለሽምግልና የሰው ደጅ ለምትረግጡ አባቶቻችን፣ እንዲሁም መንገድ ለምትሻገሩ ሁሉ
ጉዳዩ፦ በመኪና የተጎዳ ሰው ወረቀት ከመፈረሙ በፊት መብቱን የሚሰማበት መንገድ እንዲበጅ ስለ መጠየቅ

ደሴ አራዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሥራዬ በአብዛኛው የተማሪ ዩኒፎርምና የሠራተኛ ቱታ ነው፤ የሠርግ ወቅት ሲደርስ ሱሪ ማሳጠርና ኮት ማጥበብ ይጨመርበታል። ማሽኔ በእግር የሚረገጥ አሮጌ ሲንጀር ነው። መኪናው የሰበረው ደግሞ ቀኝ እግሬን ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ግድም ኮምቦልቻ ላለ አንድ ድርጅት የሰፋሁትን ቱታ በማዳበሪያ ጭኜ ወርጄ፣ አስረክቤ፣ ወደ ደሴ የሚመለስ አባዱላ እየጠበቅሁ ነበር። መንገዱን ታውቁታላችሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ግን በሐረጎ ተጠማዝዞ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል። ሐረጎን በፍሬን ሳይሆን በማርሽ መውረድ እንደሚገባ ረዳቱም ሾፌሩም ያውቃል። ከዚያች ደቂቃ የቀረኝ የተቃጠለ ፍሬን ሽታ፣ የአንድ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና አፍንጫ፣ ከዚያም አንዲት የማላውቃት ሴት ነጠላዋን እግሬ ላይ ስትጠመጥም ነው።

ሾፌሩ አልሸሸም። ይህን ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው። ራሱ ደግፎ ባጃጅ ላይ ጫነኝ፤ «ፍሬን እምቢ አለኝ ወንድሜ፣ ወላሂ እምቢ አለኝ» እያለ ያለቅስ ነበር። እኔም አመንኩት። ዛሬም አምነዋለሁ። ኋላ ግን ያ ማመኔ ራሱ ጎዳኝ፤ እንዴት እንደጎዳኝ ልንገራችሁ።

ቅልጥሜ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ ጉልበቴም ተነክቷል። ብረት ገባልኝ። በዘጠነኛው ቀን፣ ገና ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ፣ ሽማግሌዎች መጡ። አንድ ሼኽ፣ አንድ ቄስ፣ አንድ የቅሬ (የዕድር) ሰብሳቢ፤ ከኋላቸው የመኪናው ባለቤት የወንድም ልጅ። ወሎ ነን፤ ሽማግሌ ተኝቶ አይቀበሉም። በክርኔ ተደግፌ ቀና አልኩ። «አብሽር» አሉኝ። መረቁኝ። ሾፌሩ የልጆች አባት እንደሆነ፣ ባለቤቱም መኪናውን በብድር እንደገዛው፣ ፍሬን የፈጣሪ ቁጣ እንጂ የሰው ጥፋት እንዳልሆነ ነገሩኝ። የወንድም ልጁ ቀበል አድርጎ «ኢንሹራንሱም ቢሆን የሚከፍለው ይቺን ታህል ነው፤ ከዚህ በላይ ሕጉም አይፈቅድም» አለ። 45 ሺሕ ብር በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሏል። ወረቀቱ ተጽፎ ነው የመጣው። ከግርጌው «ከእንግዲህ በዚህ አደጋ ምክንያት በፍትሐ ብሔርም ሆነ በወንጀል አልጠይቅም» ይላል። ባለቤቴ የዚያን ቀን ጠዋት ለመድኃኒት ከጎረቤት ተበድራ ነበር የመጣችው። ፈረምኩ። እንዲያውም አመሰገንኩ። ማንም ያላጠፋበት ነገር ነውና ገንዘቡ ምጽዋት መስሎኝ ነበር።

45 ሺሑ እስከ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና እንኳ አልዘለቀም። ያን የሕክምና ታሪክ አላስረዝምም፤ ቤቱ በሽተኛ ያለበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ወደ ዋናው ነገር ልሂድ።

በዓመቱ ግድም የሕክምና ቦርድ አየኝና 30 በመቶ ዘላቂ የአካል ጉዳት ብሎ ጻፈልኝ። ያን ወረቀት ይዤ ነው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ለችግረኛ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል ሲሉኝ የሄድኩት። አንድ ልጅ እግር ወጣት ተቀበለኝ። ወረቀቶቼን አንድ በአንድ አነበበ። የዕርቁ ወረቀት ላይ ሲደርስ ዝም አለ፤ ዝምታው ረዘመብኝ። ከዚያ ወፍራሙን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገልጦ ቁጥር 3312ን አሳየኝ። ሁለት ወገኖች ጠባቸውን በስምምነት ከጨረሱ ያ ስምምነት በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይጸናል። «ሕጉን አላውቅም ነበር ማለትም አያፈርሰውም ጋሼ» አለኝ፤ እሱ ያጠፋ ይመስል አንገቱን ደፍቶ።

ከዚያ ሕጉን ያነበበልኝ ቁጭ አድርጎ ነው። እኔም እንዳነበበልኝ ላንብብላችሁ፤ ልመናዬ ያለው እዚህ ውስጥ ነውና።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ባለቤቱ መሪ ላይ ባይኖርም፣ አዲስ አበባ ተኝቶ ቢሆንም፣ ኃላፊ ነው። ቁጥር 2086 ደግሞ ይብሳል፤ ባለቤቱ «እኔ አላጠፋሁም» ወይም «የአደጋው ምክንያት አልታወቀም» ብሎ ከኃላፊነት አያመልጥም። የሚያመልጠው ጥፋቱ የተጎጂው ከሆነ ነው፤ እሱም በጥፋቱ ልክ። እንግዲህ እኔ መንገድ ዳር ቆሜ አባዱላ ከመጠበቅ በቀር ያጠፋሁት የለም። «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚለው ቃል፣ እኔን እንዲያ ያባባኝና አንገቴን ያስደፋኝ ቃል፣ በሕጉ ፊት ለባለቤቱ መከላከያ አይደለም። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሕግ ነው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ጥፋተኛ ከሌለ ካሳም የለም ብዬ አስብ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም እንደኔው ነበሩ፤ እግዜር ይወቅላቸው፣ ሊያታልሉኝ አልመጡም።

ኢንሹራንሱም እንዲሁ ነው። የሦስተኛ ወገን መድንን ግዴታ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለአካል ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 40 ሺሕ ብር ነበር። የወንድም ልጁ «ከዚህ በላይ ሕጉ አይፈቅድም» ያለው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ጣሪያው ግን የመድን ድርጅቱ ጣሪያ ነው። ባለቤቱን የሚገዛው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው፤ እሱ ደግሞ በቁጥር 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። መድን የከፈለው ከዕዳው ይቀነሳል፤ ቀሪው ባለቤቱ ላይ ነው። ይህን ልዩነት በከተማችን ስንት ሰው እንደሚያውቀው ሱቄ የገባውን ሰው ሁሉ ጠይቄያለሁ። እስካሁን የመለሰልኝ አንድ ጡረታ የወጣ የሂሳብ መምህር ብቻ ነው።

ወጣቱ ካልኩሌተር አወጣ። ወርኃዊ ገቢዬን 9,000 ብር አልነው። በዓመት 108,000። የዚያ 30 በመቶ 32,400። ዕድሜዬ በአደጋው ጊዜ 41 ነበር፤ እስከ 60 ዓመት 19 ዓመት ይቀራል። 32,400 በ19 ሲባዛ 615,600 ብር። ፍርድ ቤት ይህን ሁሉ ይፈርድልሃል ማለት እንዳልሆነ አስጠንቅቆኛል፤ በትክክል ሊሰላ ያልቻለን ጉዳት ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ በመሰለው መጠን፣ እንዲወስን ቁጥር 2102 ይፈቅዳል፣ ርትዕ ደግሞ ወደ ታችም ይወርዳል። ቢሆንም የሙግቱ መነሻ ቁጥር ይህ ነው። እኔ የፈረምኩት በ45 ሺሕ ነው።

እዚህ ላይ የራሴንም ጉድ ልናገር። 9,000 ብር አገባለሁ ብል ማስረጃው የት አለ? ያኔ ደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይ ነበርኩ፤ ደረሰኝ አልቆርጥም ነበር። ግማሾቻችን ግብር በሚገመትበት ጊዜ «ሥራ የለም፣ ገበያው ሞቷል» ብለን የምናለቅሰው ልቅሶ አንድ ቀን ለካሳ ስንቆም ማስረጃ ሆኖ ይጠብቀናል። ወጌሻውም ደረሰኝ የለውም። ከኮምቦልቻ ደሴ ያመላለሰኝ የኮንትራት ታክሲም የለውም። ስለዚህ ሕጉ ከጉዳቱ ጋር እኩል ቢልም፣ እኩል የሚሆነው በወረቀት ከታየው ጉዳት ጋር ነው።

«ለምን ማሽኑ ላይ ዲናሞ አታስገጥምም?» የሚሉኝ አሉ። አስገጥሜያለሁ። የዲናሞውም መርገጫ በእግር ነው፤ በግራ እየተለማመድኩ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያው ወደ ሲንጀር።

ሌላም ነገር አለ። ሾፌሩ በወንጀል ተከሶ ነበር። ችግረኛ ተከሳሽ ፍትሕ እንዳይጓደልበት መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ይላል፤ ደግ ነገር ነው፣ አልቃወምም። እኔ ግን በዚያ መዝገብ ላይ ማን እንደነበርኩ ታውቃላችሁ? የዐቃቤ ሕግ 1ኛ ምስክር። በክራንች ገባሁ፣ ማልሁ፣ መሰከርኩ፣ ወጣሁ። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ በቁጥር 154 ተጎጂው የካሳ ጥያቄውን እዚያው ወንጀሉ ክስ ላይ አቅርቦ አብሮ እንዲታይለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። እርግጥ እኔ ቀድሜ ፈርሜ ነበርና አይጠቅመኝም ነበር። ያልፈረመው ሰውስ ማን ይነግረዋል? ምስክርን ማንም አያማክርም።

አንድ ነገር ደግሞ ሕግ ለሚያወጡት እንድታደርሱልኝ እለምናለሁ፤ እናንተ ትቀርቧቸዋላችሁ። ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2116 ከ1,000 ብር አይበልጥም። በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር ምን ያህል ገንዘብ እንደነበር አባቴ በሕይወት ቢኖር ያስረዳችሁ ነበር። ዛሬ የያዝኩት ጥንድ ክራንች ብቻውን ከዚያ በላይ አስወጥቶኛል። ሌሊት ሌሊት መኪና ሲያጓራ የሚያባንነኝን ነገር በስንት እንደምትተምኑት አላውቅም፤ ግን ቁጥሩ ሲጻፍ ያልተወለደ ሰው ዛሬ ጡረታ ወጥቷል።

አሁን ልመናዬ። የእኔ ጉዳይ አልቋል፤ በገዛ ፊርማዬ ዘግቼዋለሁ። የምጠይቀው ነገ በቃሬዛ ለሚገባው ነው።

የሆስፒታል ኃላፊዎች ሆይ፣ ድንገተኛ ክፍሉና የአጥንት ክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፉልን። እጅ መታጠብን የሚያስተምር ፖስተር አለ፤ የሳምባ ነቀርሳም አለ። ከዚያ ጎን የሚሆን ቦታ አይጠፋም። ፊደሉ ተለቅ ይበል። ከአማርኛው ሥር ኦሮምኛና አፋርኛ ይጨመርበት፤ ከባቲና ከሚሌ መስመር፣ ከከሚሴም በኩል የሚመጣ ቁስለኛ አማርኛ ላያነብ ይችላል። ጨርሶ ማንበብ ለማይችለው ደግሞ አንድ ሰው በሳምንት ሁለት ቀን ብቅ ብሎ ያንብብለት። የሕግ ተማሪዎች ልምምድ ይፈልጋሉ፣ አጥንት ክፍሉ ውስጥ ጊዜ ብቻ የተረፈው ሰው ሞልቷል።

ወረቀቱ ከሁሉ በፊት እንዲህ ይበል፦ ሕክምናህን ሳትጨርስ፣ ቦርድም ሳያይህ፣ «ከእንግዲህ አልጠይቅም» የሚል ነገር አትፈርም። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ፍሬን ቢበጠስም ባለቤቱ ኃላፊ መሆኑን፤ መድን የከፈለው መጨረሻ አለመሆኑን፤ ክሱ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በቁጥር 2143 በይርጋ (ጊዜው አልፏል ተብሎ) እንደሚታገድ ይጻፍበት። የዳኝነት ገንዘብ የሚከፍለው የሌለው ሰው በደሃ ደንብ ለመክሰስ ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ እንደሚችልም ይጻፍ፤ ይህ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ አለ። እኔ ፍርድ ቤት በር ላይ የጠየቅኋቸው ራፖር ጸሐፊ «መጀመሪያ ገንዘቡን ይዘህ ና» ነበር ያሉኝ። መኪናው ገጭቶ ካመለጠ ወይም መድን ከሌለው ደግሞ ሰውየው ሜዳ ላይ እንዳልወደቀ፣ ለዚሁ የተቋቋመ የመድን ፈንድ እንዳለ ይነገረው። እያንዳንዷን ብጣሽ ደረሰኝ እንዲያስቀምጥም። ደረሰኝ የማይሰጠውን ሰው ስሙንና ስልኩን ይጻፍ፤ ኋላ ምስክር ይሆነዋል።

የትራፊክ ፖሊሶች፣ ከእናንተ የምሻው ከዚህም ያነሰ ነው። የአደጋውን ፕላን ስታነሱ መኪናው ታርጋው ስንት እንደሆነ፣ ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ፣ የሦስተኛ ወገን መድኑ ከየትኛው ድርጅት እንደሆነ ትጽፋላችሁ። ያንኑ በቁራጭ ወረቀት ገልብጣችሁ ለተጎጂው ቤተሰብ ስጡ። እኔ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ሦስት ወር ተመላልሻለሁ። ሊብሬው በአንድ ሰው ስም ነው፤ ያ ሰው ለሌላ በውክልና ሸጧል፤ ሌላውም ለሌላ። የወንድም ልጅ ነኝ ብሎ የመጣው ልጅ የስንተኛው ባለቤት የወንድም ልጅ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አባቶቼ ሽማግሌዎች፣ እናንተን የጠራሁት ልወቅሳችሁ አይደለም። ሾፌሩን ይቅር ብያለሁ፤ ባለፈው አረፋ ቤቱ ጠርቶኝ በልቻለሁ፣ ልጆቹን አይቻለሁ። ያ ዕርቅ የእናንተ ሥራ ነው፣ ፍርድ ቤት አይችለውም። ግን የወሎ አበጋር፣ የባህሉ አስታራቂ፣ የደም ነገር ሲይዝ ተመላልሶ፣ ሁለቱንም ወገን ሰምቶ፣ ጊዜ ሰጥቶ ነው እንጂ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጠቅልሎ አይሄድም ነበር። የእኔን እግር ሐኪሙ ራሱ ምን እንደሚሆን ባላወቀበት ቀን እናንተ ዋጋ ቆረጣችሁለት። ስለዚህ ነገ ወደ ሌላ ቁስለኛ ስትሄዱ ገንዘቡን ይዛችሁ ሂዱ፤ በሽተኛው ያን ቀን መድኃኒት ያስፈልገዋል። ወረቀቱ ላይ ግን «አልጠይቅም» የሚለውን ተዉትና «ለሕክምና መርጃ የተሰጠ፣ በኋላ ከካሳው የሚታሰብ» ብላችሁ ጻፉ። ባለቤቱ የከፈለው አይጠፋበትም፣ ይቀነስለታል። ተጎጂውም በር አይዘጋበትም። የመጨረሻውን ሽምግልና ቦርዱ ከወሰነ በኋላ አድርጉት፤ ያኔ ቁጥሩን ሁላችሁም እያያችሁ ትነጋገራላችሁ። ምናልባትም ፍርድ ቤት ሳይደረስ ያልቃል፣ እሱም ለሁሉም ይሻላል፤ ሙግት ምን ያህል እንደሚያደክም ሱቄ ፊት ለፊት ካሉት ጎረቤቶቼ አይቻለሁ።

የወረቀቱን ረቂቅ ጽፌያለሁ። ያ ወጣት አይቶ ሦስት ቦታ አርሞልኛል፤ አንዱ እርማት ቁጣዬን የሚመለከት ነበር፣ አውጥቼዋለሁ። የኦሮምኛውን ትርጉም አንዲት ደንበኛዬ ጨርሳልኛለች፤ አፋርኛውን የሚሠራ ሰው እየፈለግሁ ነው። የማባዣ በጀት የለንም እንዳትሉኝ የመጀመሪያዎቹን 100 ቅጂዎች እኔ አሳትማለሁ። ከእናንተ የሚጠበቀው ማኅተምና ግድግዳው ነው።

ረቂቁ አራዳ ሱቄ ውስጥ፣ ከማሽኑ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ አለሁ። ቢሮአችሁ ፎቅ ላይ ከሆነ ሰው ብትልኩልኝ ይሻለኛል፤ ደረጃ መውጣት ገና አልሆነልኝም።

አክባሪያችሁ
ልብስ ሰፊው፣ ከደሴ